የሞተርሆም ባትሪ ሲደክም ጥፋቱ የማን ነው?

በሞተርሆም ውስጥ መብራቱ ሲደበዝዝ፣ የውሃው ፓምፕ ሲያቃስት፣ ማሞቂያው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀይ መብራት አብርቶ ሲዘጋ፣ ባለመኪናው በማግሥቱ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሱቅ ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ከዚያ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። በብሪታንያ፣ በጀርመን ወይም በፈረንሳይ ሞተርሆም ይዘው ከሚዞሩት መካከል ይህ ያልደረሰበት ቢኖር ዕድለኛ ነው።

ለችግሩ ምክር የሚሰጠው ብዙ ነው። ባትሪ ሻጩ ተለቅ ያለ ባትሪ ያስፈልጋል ይላል። ሶላር ገጣሚው ጣሪያው ላይ አንድ ፓነል እንዲጨመር ይመክራል። ሌላው ደግሞ የእርሳሱን ባትሪ አውጥቶ ሊቲየም ከማስገባት በቀር መፍትሔ እንደሌለ ይምላል። እያንዳንዱ ምክር ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለው። ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ፤ ወደ ባትሪው በቀን ስንት ይገባል፣ ስንትስ ይወጣል? ይህ ሳይለካ የሚወጣ ገንዘብ አብዛኛው ከንቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። በዳዩን ለማግኘት ደግሞ አንድ ርካሽ መልቲሜትርና የአንድ ቀን ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ሥራ

የአውሮፓ ሞተርሆሞች አብዛኞቹ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ፎርድ ትራንዚት፣ መርሴዲስ ስፕሪንተርና ፔዦ ቦክሰርም አሉበት። መኪናው የማንም ይሁን፣ ባትሪው ሁለት ነው። የሞተሩ ባትሪ፣ በዱካቶ ከካቢኑ ወለል ሥር የተቀመጠው፣ ሞተሪኖውን ለማዞር ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፔር ይሰጥና ወዲያው ይሞላል። የቤቱ ባትሪ ሥራ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሽ በትንሽ፣ ለረዥም ሰዓት። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ የማሞቂያው ማራገቢያ፣ ቴሌቪዥኑና ስልኩ ሁሉ የሚኖሩት በእሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሠራ የእርሳስ ባትሪ ፕሌቶቹ ወፈር ይላሉ፤ ደጋግሞ መውረድንና መሙላትን እንዲችሉ።

የሚሞላውም በሦስት መንገድ ነው፤ ሲነዱ ከሞተሩ ዲናሞ፣ ካምፕ ሲያርፉ ከ230 ቮልቱ መስመር በቻርጀር፣ ሲቆሙ ደግሞ ከጣሪያው ሶላር።

ወደ ብልሽቱ ከመሄድ በፊት ብልሽት ያልሆነውን መለየት ይጠቅማል። በብሪታንያ በተሠሩ ብዙ ሞተርሆሞች ሞተሩ ሲነሳ የቤቱ መብራትና ፓምፕ በአንድ ሪሌ አማካይነት ይቋረጣሉ። የቤቱ ዕቃዎች የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ እንዳይረብሹ ታስቦ የተደረገ ነው። መኪናውን ገና የገዛ ሰው ሞተር አስነስቶ የኋላው መብራት ሲጠፋበት ይደነግጣል፤ ጋራዥም ወስዶ የሚያስመረምር አለ። ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱ ከተመለሰ ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ባለመኪናው በየቀኑ የሚያየው ከበሩ በላይ ያለችውን ሰሌዳ ነው፤ አራት ወይም አምስት መብራት፣ ወይም የቮልት ቁጥር። ይህች ሰሌዳ ብዙ ሰው አሳስታለች። በ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ውስጥ ስድስት ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሲሞላ ከ2.1 ቮልት ጥቂት ከፍ ይላል። ስለዚህ የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ወይም 12.8 ቮልት ያሳያል። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛው ገደማ አለው፤ 12.2 ላይ ግማሽ ደርሷል፤ ከ11.9 በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። በቀጭን ሽቦ በኩል የምትለካ ሰሌዳ በሁለትና ሦስት አሥረኛ ከተሳሳተች ሦስት አራተኛ ያለውን ግማሽ አስመስላ ልታሳይ ትችላለች።

ዋናው ቃል «አርፎ» የሚለው ነው። ቻርጀሩ እንደተነቀለ ወይም ሞተሩ እንደጠፋ የሚለካ ባትሪ 13 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ያ ቮልቴጅ ላይ ላዩን ያለ እንጂ ውስጥ የተቀመጠ ጉልበት አይደለም። በተቃራኒው ፓምፑ እየሠራ የሚለካ ባትሪ ከእውነቱ በታች ያሳያል። ትክክለኛው ንባብ የሚገኘው ምንም ሳይገባና ሳይወጣ ጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉም ነገር ጠፍቶ አድሮ ጠዋት ቢለካ ይመረጣል።

ሌላው የሚያሳስተው በባትሪው ጎን የተጻፈው ቁጥር ነው። «100 አምፔር-ሰዓት» የሚለው በአብዛኛው በ20 ሰዓት ውስጥ ሲወጣ የሚገኘው ነው፤ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት። ብዙ በአንድ ጊዜ ሲሳብ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ፖይከርት ይህን ዝምድና በቀመር ያስቀመጠው በ1897 እ.ኤ.አ. ነበር። 50 አምፔር ቢሳብበት፣ በሒሳብ ሁለት ሰዓት ሊሄድ የሚገባው ተራ የእርሳስ ባትሪ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም ላይዘልቅ ይችላል። በዚያ ላይ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ሲሞላ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል። 100 የተባለው ለኑሮ 50 ነው።

እንግዲህ የቤቱን ወጪ እንቁጠር። መብራቶቹ ሁሉ ኤልኢዲ ከሆኑ አንድ አምፔር ለአምስት ሰዓት፣ 5 አምፔር-ሰዓት። ፓምፑ ሲሠራ ብዙ ይስባል፤ ግን በቀን ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ 1 ገደማ። የማሞቂያው ማራገቢያ በብርድ ሌሊት 15። ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት 9፤ ስልክና ላፕቶፕ 10። ድምሩ 40 ነው፤ አንድ ባትሪ አንድ ሌሊት በልኩ ያሳድራል። ፍሪጁ በኮምፕረሰር የሚሠራ ከሆነ በቀን 30 ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ያ ባትሪ አልበቃም ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ፍሪጅ ደግሞ በ12 ቮልት ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሚበላ ታስቦ የተሠራው ሞተር ሲዞር ብቻ እንዲሠራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እሱ በ12 ቮልት ከቀጠለ ባትሪውን በአንድ ከሰዓት ያራቁተዋል።

የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 230 የሚለውጥ ኢንቨርተር የገባበት ቤት ሒሳቡ ሌላ ነው። ከለንደን ወይም ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ከቤተሰቡ ጋር በሞተርሆም የሚወጣ ወገናችን ቡናውን ማፍላቱ አይቀርም። ጀበናው በ1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከተጣደ ከባትሪው ከ90 አምፔር በላይ ይሳባል፤ በ20 ደቂቃ 30 አምፔር-ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ያው ጀበና በመኪናው የጋዝ ምድጃ ላይ ቢፈላ ባትሪው አንዳች አይጎድልበትም። እንዲህ ያለውን ወጪ ያልቆጠረ ሰው ጠዋት ባትሪውን ቢረግም አይፈረድበትም፤ ግን ባትሪው ላይም አይፈረድ።

በመንገድ ላይ የሚቀረው ጉልበት

በእኔ አመለካከት ከችግሮቹ ሁሉ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ ባለመኪና «ቀኑን ሙሉ ስነዳ ስለዋልኩ ሞልቷል» ብሎ የሚያምነው እዚህ ላይ ነውና።

በአሮጌዎቹ መኪኖች አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲዞር ከዲናሞው የሚመጣ ምልክት፣ ዲ ፕላስ የሚባለው፣ አንድ ሪሌ ይዘጋል፤ ሁለቱ ባትሪዎች ይገናኛሉ፤ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። ምርመራውም እንደ አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቤቱ ባትሪ ይለካል፤ ሞተሩ ተነሥቶ እንደገና ይለካል። 12.4 የነበረው ወደ 14 ከተጠጋ መስመሩ ደኅና ነው። ካልተነቃነቀ ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ ሪሌው ሞቷል፣ ወይ ምልክቱ አይደርስም። ፊውዙ በሁለቱም ጫፍ፣ በእያንዳንዱ ባትሪ አጠገብ እንደሚኖር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አንዱን አይቶ ሌላውን የሚረሳ ብዙ ነው።

አስቸጋሪው መሐል ላይ የሚቀረው ነው። ቮልቴጁ ይነሣል፣ ግን እስከ 13.1 ወይም 13.3 ብቻ። ባለመኪናው ሲጨምር አይቶ ይረካል። የእርሳስ ባትሪ ግን ለመሙላት 14.4 አካባቢ ይፈልጋል፤ በ13.3 ላይ ቀኑን ሙሉ ቢነዳም አይሞላም።

ጉልበቱ የት ይቀራል? መጀመሪያ በሽቦው ውስጥ። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ያህል ይቋቋማል። ከፊት እስከ ኋላ 6 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 12 ሜትር የሆነ ባለ2.5 ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍበት 0.84 ቮልት ይበላል። ከዲናሞው 14.2 ሆኖ የተነሣው ባትሪው ጋ 13.4 ሆኖ ይደርሳል። ሽቦው ባለ10 ቢሆን ኖሮ ኪሳራው 0.21 ብቻ በሆነ ነበር። ብዙ ፋብሪካዎች በዚህ ላይ የቆጠቡት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ባለመኪናው የሚከፍለው ግን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ አንድ ባትሪ ነው።

ከሽቦው ቀጥሎ መገጣጠሚያው ይመጣል። አንድ መኪና ላይ ያየሁትን በዝርዝር ላንሳ። ባትሪው ተቀይሮለት፣ ቻርጀሩ ተቀይሮለት፣ አሁንም ከመንገድ ሲመለስ ባዶ ነበር። ሞተሩ እየዞረ ፊት 14.3፣ ኋላ 13.1 ይላል። ፊውዙን አውጥተን ብርሃን ላይ ስናየው ሙሉ ነው። መልሰን ሰካነውና የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ከፊውዙ በፊት፣ ጥቁሩን ከፊውዙ በኋላ አሳረፍን። በደኅና ፊውዝ ላይ እንዲህ ሲለካ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። እኛ ያነበብነው 0.9 ነበር። የፊውዙ ቤት ሲከፈት ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ቀልጧል፤ ፊውዙን የሚይዘው የናስ ምላስ ላልቶ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። 20 አምፔር ሲያልፍ 0.9 ቮልት የሚበላ መገጣጠሚያ 18 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ በጣት የሚያህል ቦታ ላይ ይህ ፕላስቲክ ለማቅለጥ በቂ ነው። የፊውዙ ቤት ሲቀየር ኋላ 14 ቮልት ደረሰ። ከተቀየረው ባትሪና ቻርጀር ዋጋ አንጻር የዚያች ቁራጭ ፕላስቲክ ዋጋ ምንም አልነበረም።

ይህ አለካክ፣ ጉልበት እያለፈ በአንድ መገጣጠሚያ በሁለቱ ወገን መለካት፣ ከሁሉም የላቀ መሣሪያ ነው እላለሁ። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የባትሪው ራስ ማሰሪያ፣ በተለይም ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ሽቦ፣ ማሳ የሚባለው፣ ሁሉም በዚሁ ይፈተናሉ። ማሳው ከመኪናው ሥር በመንገድ ጨውና በጭቃ ውስጥ ስለሚኖር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ይገኛል።

አዲሶቹ መኪኖች ሌላ ጣጣ አምጥተዋል። የአውሮፓ የጭስ ደንብ ዩሮ 6 ከመጣ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ዲናሞው «ብልህ» ሆኗል። ነዳጅ ለመቆጠብ የሞተሩ ባትሪ ከሞላ ቮልቴጁን ከ13 በታች ያወርዳል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ 15 ያወጣዋል። ቮልቴጅ አይቶ የሚሠራ ተራ ሪሌ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ የቤቱ ባትሪ የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። ለዚህ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ተሠርቷል፤ ከፊት የመጣውን ዝቅተኛም ሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተቀብሎ ለኋላው ባትሪ የሚስማማውን 14.4 ይሰጣል። በአዲስ መኪና ላይ አሮጌ ሪሌ ገጥሞ የሚሸጥ ሰው ካለ ይህን ለገዢው መንገር ይገባዋል። በብልህ ዲናሞ ላይ ከባትሪ ወደ ባትሪ ቻርጀር መጨመር ለኔ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

ካምፕ ላይና ፀሐይ ሥር

ካምፕ ላይ ሰማያዊው ሶኬት ከተሰካ በኋላ የሚደረገው ምርመራ አጭር ነው። ባትሪው ላይ ሲለካ ከ13.5 በታች ከሆነ ቻርጀሩ አይሠራም ወይም አልበራም። በፈረንሳይ ብዙ ካምፖች የሚሰጡት 6 አምፔር ብቻ ነው፤ 1,380 ዋት መሆኑ ነው። ማንቆርቆሪያና ማሞቂያ አብረው ሲበሩ የካምፑ ማቋረጫ ይወርዳል፤ ባለመኪናው ግን 12 ቮልቱ መብራት ስለሚበራለት ሳያውቅ ከባትሪው ሲበላ ያድራል። አሮጌ ቻርጀሮች ደግሞ በቋሚ 13.6 ወይም 13.8 ላይ ይሠራሉ። መብራቱን ያበራሉ፤ ባትሪውን ግን በቅጡ አይሞሉም። የእርሳስ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞላና የመጨረሻው አምስተኛ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ያ የመጨረሻው አምስተኛ በየጊዜው ሳይሞላ ሲቀር ፕሌቶቹ ላይ የሚቀመጠው የእርሳስ ሰልፌት ይጠነክርና ተመልሶ የማይሟሟ ይሆናል። ባትሪ ያለ ዕድሜው ይሞታል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ስለ ሶላር ብዙ ተስፋ ይሸጣል። ጣሪያ ላይ ተጋድሞ የተቀመጠ ባለ100 ዋት ፓነል በደቡብ እንግሊዝ በጁን ወር በቀን 25 አምፔር-ሰዓት ገደማ ሊያስገባ ይችላል፤ በዲሴምበር 3 ወይም 4 ነው። ያው ፓነል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ክረምቱን ትተን ዓመቱን ሙሉ የእንግሊዝን በጋ ያህል ይሰጥ ነበር። በሰሜን አውሮፓ ክረምት «ሶላር አለኝ» ብሎ ያለ መስመር ማረፍ ራስን ማታለል ነው። ጣሪያ ላይ የአንቴናው ወይም የመስኮቱ ጥላ በፓነሉ ጥግ ቢያርፍም ምርቱ ከጥላው ስፋት እጅግ በላቀ መጠን ይወድቃል፤ ሴሎቹ ተከታትለው የተያያዙ ናቸውና።

ሳይታዩ የሚበሉ

ቆሞ በሰነበተ መኪና ላይ ባትሪ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ፍለጋው ወደ ስውር ወጪ ይዞራል። የስርቆት ማንቂያው፣ የመከታተያው መሣሪያ፣ የጋዝ ማሽተቻው፣ የሬዲዮው ማኅደረ ትውስታ፣ የአንቴናው ማጉያ፣ ተዘንግቶ የበራ የኢንቨርተር ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ይበላል። ድምሩ 0.2 አምፔር ቢሆን በቀን 4.8 አምፔር-ሰዓት ነው፤ የ100ውን ባትሪ ግማሽ በአሥር ቀን ይጨርሳል።

አለካኩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ ሽቦው ይወልቃል፤ መልቲሜትሩ በአምፔር ተደርጎ በሽቦውና በባትሪው ራስ መካከል ይገባል። ከዚያ ፊውዝ አንድ በአንድ ይነቀላል፤ ቁጥሩ የወደቀበት ጊዜ ሌባው ተያዘ። በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ የኤሌክትሪኩ ደረጃ ቢወጣ ወይም አንድ ሰው የውሃ ቧንቧ ቢከፍት የመልቲሜትሩ የራሱ ፊውዝ ይቃጠላል፤ አብዛኛው ከ10 አምፔር በላይ አይችልምና። የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ከመኪናው ማስወጣት ይሻላል። ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ፣ ሽቦውን ታቅፎ የሚያነብ መለኪያ ያለው ሰው ከዚህ ጭንቀት ያርፋል።

ሹንት የሚባለውን ቆጣሪ ያስገጠመ ሰው የገባውንና የወጣውን በስልኩ ሊያነብ ይችላል፤ እኔም ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ በፊት እንዲገዛ የምመክረው እሱን ነው። የሚሠራው ግን ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚነሣ ሽቦ ሁሉ በእሱ በኩል ካለፈ ብቻ ነው። የሶላሩ ወይም የማሞቂያው ማሳ በቀጥታ ባትሪው ራስ ላይ ከታሰረ ቆጣሪው ያን አያየውም፤ ባለመኪናውም ሙሉ ነው የተባለ ባትሪ ሲያልቅበት ወይም ባዶ የተባለው ሲያገለግል እየገረመው ይኖራል።

ባትሪው በእርግጥ ሲሞት

ከላይ ያለው ሁሉ ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው ማለት ይቻላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሙሉ ቀን በቻርጀር ይሞላል፣ ሌሊት ያርፋል፣ ከዚያ 5 አምፔር የሚስብ ነገር፣ ለምሳሌ 60 ዋት የመኪና አምፖል፣ ለአምስት ሰዓት ይበራበታል። 25 አምፔር-ሰዓት ወጣ። አርፎ ሲለካ ባለ100 ደኅና ባትሪ 12.4 ገደማ ይሆናል፤ 12.1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አቅሙ ተሸርሽሯል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በአሲድ መለኪያ የስድስቱ ሴሎች አሲድ እፍጋት ይነጻጸራል፤ ሲሞሉ 1.27 አካባቢ ናቸው። አንዱ ከሌሎቹ በ0.05 ካነሰ ባትሪው አብቅቷል።

የናፍጣ ማሞቂያ ያላቸው ሰዎች የባትሪን ድካም ቀድመው ያውቁታል። ማሞቂያው ሲነሣ ማቀጣጠያው 10 አምፔር ገደማ ይስባል፤ መብራቱ ደኅና እየበራ ማሞቂያው አልነሣ ካለ ቮልቴጁ በጭነት ሥር እየወደቀ ነው። ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው መስመር ላይ ከላይ እንዳየነው ዓይነት የላላ መገጣጠሚያ አለ።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት የሚመረመር አይደለም። ሞልቶ አርፎ 10.5 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ አንድ ሴሉ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቷል። ቻርጀሩ ይህን አያውቅም፤ ለስድስት ሴል የተመደበውን 14.4 ለአምስት ያካፍላል። እያንዳንዱ 2.88 ቮልት ይደርሰዋል፤ ይፈላል፣ ይሞቃል፣ ሃይድሮጅን ያወጣል። የቤቱ ባትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር፣ ከመኝታው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መውጣቱን ይናገራል፤ መርዝ ነው። አንዳንዴም ሽታው ሳይሰማ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ሌሊት ይጮኻል፤ የማንቂያው ሴንሰር ለሃይድሮጅንም ምላሽ ስለሚሰጥ ነው። ጋዙ ተዘግቶ ማሞቂያው ጠፍቶ ማንቂያው አልቆም ካለ ባትሪው በእጅ ይዳሰስ፤ ትኩስ ከሆነ የካምፑ መስመር ከውጭ ይነቀል፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሰው ይውጣ። ባትሪው ላይ ያለውን ማሰሪያ በዚያ ሰዓት መፍታት አይገባም፤ ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለዚህ ነው የባትሪውን ጋዝ ወደ ውጭ የምታወጣው ቀጭን ቱቦ ባትሪ ሲቀየር መረሳት የሌለባት።

ሊቲየም ሁሉን ይፈታል?

የእርሳስ ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ጋስቶን ፕላንቴ ከሠራው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ዛሬ በሞተርሆም የሚተካው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጆን ጉዲናፍ ቡድን ያስተዋወቀው ኬሚስትሪ። ጉዲናፍ በሊቲየም ባትሪ ሥራው በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 25 እና 30 ኪሎ መካከል ሲመዝን ሊቲየሙ 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከተጻፈበትም ሰማንያና ዘጠና በመቶውን ይሰጣል። በ3,500 ኪሎ የመንጃ ፈቃድ ጣሪያ ሥር ለሚነዳ አውሮፓዊ ክብደቱ ብቻ ብዙ ይናገራል።

ነገር ግን ቀልጦ የነበረውን የፊውዝ ቤት ሊቲየም አያድነውም። እንዲያውም ብዙ አምፔር ስለሚቀበል ያቃጥለዋል። በአሮጌው ሪሌ ከዲናሞ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ የዲናሞውን አቅም ሁሉ ይስባል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ማቀዝቀዣው አየር ስለሚያንስ ዲናሞው ይግላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት አይፈቀድም፤ ሊቲየሙ በብረትነት ይለጠፍና ሴሉን ያበላሻል። ባትሪው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ሰሌዳ ይህን ሲያይ መሙላቱን ያቆማል፤ መውጫውንም ከዘጋ መልቲሜትሩ ዜሮ ያሳያል፤ ባለመኪናውም የሞተ ይመስለዋል። ሲሞቅ ወይም ሊቲየም የሚያውቅ ቻርጀር ሲነካው ይነቃል። ቮልቴጁም ከ30 እስከ 70 በመቶ ድረስ 13.2 አካባቢ ቆሞ ስለሚቀር ከበሩ በላይ ያለችው ሰሌዳ ፈጽሞ አትረዳም፤ ያለ ሹንት በጨለማ መሄድ ነው። በዓመት ለጥቂት ሳምንት ወጥቶ ካምፕ ላይ መስመር ሰክቶ ለሚያድር ሰው ደኅና የእርሳስ ባትሪና ደኅና ሽቦ ይበቁታል። ለወራት ያለ መስመር ለሚኖር ደግሞ ሊቲየም ዋጋውን ይመልሳል፤ ቻርጀሮቹ አብረው ከተቀየሩ።

ነገሩ የሞተርሆም ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ቤት የሚያበራው ኢንቨርተርና በገጠር ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር የሚሠሩት ብዙ ጊዜ በዚሁ በእርሳስ ባትሪ ነው፤ የሚሠራው ስሕተትም ተመሳሳይ ነው። በገበያ በቀላሉ ስለሚገኝ የመኪና ሞተር ማስነሻ ባትሪ ለቤት ይገዛል፤ ፕሌቶቹ ቀጭን ስለሆኑ ጥቂት ጊዜ እስከ ታች ከወረደ አይመለስም። ልዩነቱ ሙቀቱ ነው። አውሮፓ ላይ የሚፈራው ብርድ ነው፤ ባዶ የሆነ የእርሳስ ባትሪ በክረምት ሊረጋ ይችላል። በድሬዳዋ ወይም በሰመራ ግን ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ጭማሪ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። የመሙያው ቮልቴጅም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.03 ገደማ መውረድ አለበት፤ በ40 ዲግሪ 14.4 የነበረው 13.95 ይሆናል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ቻርጀር የሙቀት መለኪያ ሽቦ አለው፤ ጫፉ ከባትሪው ጎን ወይም ከራሱ ላይ ተጣብቆ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ቻርጀሩ አጠገብ ከተተወ የሚለካው የቻርጀሩን ሙቀት ነው።